የፂም ፈቃድ የነበራቸው ሦስት ሰዎች

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ከረምሽ እታለም? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ሐኪሙ ተኝተሽ እረፊ ያለሽን ሰማሽው ወይስ እንደ ልማድሽ ጎረቤቱን ሁሉ ስታስታምሚ የራስሽን ረሳሽው? ድንቡሼስ? ትምህርት ቤቱን ለመደችው ወይስ አሁንም በሩ ላይ ቀሚስሽን ጨምድዳ ታለቅሳለች? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። እንቅልፍ ትንሽ እምቢ ብሎኛል እንጂ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ያ የድሮው ራስ ምታቴም አልተመለሰብኝም።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት በኩል አልላክሁትም። የሚያመጣልሽ ሰው ፈቃድ ወጥቶ ወደ ሀገር ቤት የሚገባ ወታደር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፀጉሩን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ ከጆሮው ኋላ ያለችውን ኪንታሮት አንድም ቀን ነክቼበት አላውቅም። ሰው አምናለሁ ባልልም እሱን ከሌላው ይልቅ አምነዋለሁ። ቢሆንም ፖስታውን ከመቅደድሽ በፊት ገልብጠሽ እዪው። ማሸጊያው ላይ በእርሳስ ሦስት ጭረት አድርጌበታለሁ፤ ጭረቶቹ ካልገጠሙ ከአንቺ በፊት ሌላ ሰው አንብቦታል ማለት ነው። አትሳቂ። ልጅ ሳለሁ "ይሄ ልጅ የናቱንም ጡት አሽትቶ ነው የጠባው" እያልሽ ታስቂብኝ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እኔ የማውቀው፤ እዚህ ደግሞ መጠራጠር እንደ ጉንፋን ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ግቢውን ጨርሶታል።

ከጋሼ ከባልሽ ደብዳቤ ነገሩን በከፊል ሰምተሽው ይሆናል። ሰምተሽዋል ብዬም አስባለሁ። እኔ ግን ከሥሩ ልንገርሽና ፍርዱን አንቺው ስጪ።

የምሠራበትን ክፍል ጽፌልሽ ነበር፤ ቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ የተራ ሰሌዳ። ሰኞ አንደኛ መቶ፣ ማክሰኞ ሁለተኛ መቶ እያለ ይቀጥላል፤ መቶ ብንለውም አንዱ አርባ ሰው አይሞላም። እዚህ ያስገባኝ ጋሼ ነው። እሱ ሃምሳ አለቃ ባይሆን፣ የሚስቴ ወንድም ነው ብሎ ባይናገርልኝ ኖሮ እኔ ዛሬም የጥበቃ ማማ ላይ ፀሐይ ሲጠብሰኝ ነበር የምውለው። ይህን ውለታ አልክድም። ከእኔ ወንበር ላይ ደግሞ ማዕረግ የለም፤ ሻምበሉም ቢሆን አንገቱን ይደፋልኛል።

በጦሩ ደንብ ፂም ማሳደግ ክልክል ነው። ግን ምላጭ ሲነካቸው ፊታቸው በእብጠት የሚሞላ ሰዎች አሉ፤ ለነሱ ሐኪሙ ወረቀት ይጽፍላቸዋል። የፂም ፈቃድ እንለዋለን። በኛ ሻምበል ጦር ይህ ወረቀት የነበራቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ምግብ አብሳዩ፣ ሁለተኛው የሬዲዮ ሠራተኛው፣ ሦስተኛው ባልሽ። ተሳስቼ ምላጭ እንዳላነሳባቸው ሐኪሙ ስማቸውን ጽፎ ከመስታወቱ ጎን ለጥፎልኛል።

ባለፈው ወር በአሥራ ስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ በስድስት ሰዓት ሰው ሁሉ ምሳ ሲሄድ ጋሼ መጣ። ተራው አልነበረም። ገብቶ በሩን ከውስጥ ቀረቀረና ላጨኝ አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ስሙን ከግድግዳው ላይ አሳየሁት፤ ፊትህ እኮ ያብጣል አልኩት። ላጭ ብዬሃለሁ፣ አለቃህ እኔ ነኝ ወይስ ሐኪሙ? አለ። አረፋውን ስቀባው መንጋጋው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሁለት ቦታ ቆረጥኩት፤ እኔ ደግሞ ሰው ቆርጬ አላውቅም። ስጨርስ የወደቀውን ፂም ራሱ ጠርጎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ኪሱ ከቶት ሄደ። እኔ ጠርጣራው፣ ያን ቀን ምንም አልጠረጠርኩም። ሙቀቱ አስመርሮት ነው ብዬ ምሳዬን በላሁ።

በማግስቱ የአጠገባችን መንደር ሽማግሌ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ። ልብሳችንን የምታጥብልን አንዲት የመንደሩ ሴት ነበረች፤ ከግቢው ጀርባ፣ የውሃው ታንከር አጠገብ ታሰጣለች። ማክሰኞ ረፋዱ ላይ በአራት ሰዓት አንድ ወታደር ከታንከሩ ኋላ ያዛት። ክንዷን ሰበረው። የቀረውን አልጽፈውም፤ አንቺ ሴት ነሽ፣ ይገባሻል። ባርኔጣውን እስከ ዓይኑ ደፍቶት ስለነበር ፊቱን በደንብ አላየችውም፤ ፂም እንዳለው ግን አይታለች፣ ጉንጯንም ፍቋታል።

የነሱ አገር ፖሊስ ግቢያችን አይገባም። መንግሥታችን ከዚህ አገር ጋር በተፈራረመው ውል መሠረት እኛን የሚጠይቀን የራሳችን ሕግ ብቻ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ቆይቶ፣ ጉዳዩ ይታያል ተብሎ ተሸኘ። ሐሙስ ጠዋት ሻምበሉ አሰለፈንና ግቢው ቅማል ገብቶበታል፣ ፀጉርም ፂምም የሚባል ነገር ማየት አልፈልግም፣ የሐኪም ወረቀት ያለውም ይላጭ አለ። እታለም፣ በዚህ ግቢ ውስጥ እኔ የማላውቀው ራስ የለም። ቅማል ቢኖር ኖሮ ከሻምበሉ በፊት የማውቀው እኔ ነበርኩ። ግን ወታደር ነኝና በአንድ ቀን መቶ አሥራ ስምንት ሰው ላጨሁ፤ ስጨርስ ጣቶቼ አልታጠፍ ብለውኝ ማንኪያ መያዝ አቃተኝ።

ዓርብ ዕለት ሴትዮዋን አመጧት። ሁላችንም እንደ ተላጠ እንቁላል ተደርድረናል። ክንዷ በጀሶ ታስሮ፣ ከኛ ዓይን ዓይኗን ሳትነቅል አንድ በአንድ እያየች አለፈች። ባልሽ ፊት ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም። አስተርጓሚው ያን ሁሉ በሁለት ቃል ጨረሰው፤ "አላወቅሁትም" ትላለች አለ። ሻምበሉም ፂም ነበረው ብለሽ አልነበር፣ ከኔ ልጆች ፂም ያለው የትኛው ነው፣ አሳዪኝ ብሎ ጠየቃት። አስተርጓሚው ይህን ምን ብሎ እንደነገራት አላውቅም። አንገቷን ደፍታ ሄደች።

እኔ ግን ከሰልፉ ውስጥ ሆኜ አንድ ነገር አየሁ። የሬዲዮ ሠራተኛው ሐሙስ ነው የተላጨው፤ ፊቱ ገና ቀላ ቀላ ብሎ ነበር። የባልሽ ፊት ግን መግል ቋጥሯል። ይህ ከማክሰኞው ምላጬ የመጣ የሦስት ቀን እብጠት ነው። ፊት ማንበብ ሥራዬ ነው፤ ሻምበሉ ካርታ እንደሚያነበው እኔም ይህን አነበዋለሁ። በዚያ ላይ የሬዲዮ ሠራተኛው ማክሰኞ ረፋድ ሥራ ላይ ነበር፣ ድምፁ በየሩብ ሰዓቱ ተመዝግቧል። ምግብ አብሳዩም ሳምንት አልፎት ነበር ፈቃድ ከወጣ። ሦስት ሰው ነው ያልኩሽ፤ ሁለቱ ሲወጡ ማን እንደሚቀር አንቺም ታውቂዋለሽ።

ያን ጊዜ አንቺ ነሽ የታየሽኝ፤ እሱም አልታየኝም፣ ሴትዮዋም አልታየችኝም። እናታችን ስትሞት ራስሽ ልጅ ሆነሽ በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሽኝ፣ ሲያገባሽም ወንድሜን ትቼ አልሄድም ብለሽ እኔንም ከነጓዜ ቤቱ ያስገባሽው አንቺ። ሳህኑን ከሳህኔ ሳይለይ ያበላኝን ሰው እንዴት አድርጌ እንደምጠረጥረው ጨነቀኝ። መጠርጠር ከጠላት ጋር ሲሆን ቀላል ነበር።

በዚህ ወር መጀመሪያ ከሀገር ቤት መርማሪ ተላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አልን። ሰውየው ግን ዝምተኛ ነው፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ያስፈራኛል። ጠርቶ ከሐሙስ በፊት ፂሙን የላጨኸው ሰው አለ ወይ አለኝ። የለም፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው አልኩ። ጻፈው። ፈርም አለኝ፣ ፈረምኩ።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው እሱ እኔ ላይ አልቆመም፤ ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ የፂም ፈቃዱን ዝርዝር አገኘ። ባልሽን ጠራው። ባልሽም ማንም ሳያስገድደው አዎን፣ ማክሰኞ ራሴ በራሴ ተላጭቻለሁ፣ ሚስቴ ጠይቃኝ ነው አለና ከኪሱ ደብዳቤ አወጣ። የአንቺን ደብዳቤ።

መርማሪው እኔን አስጠራና ጽሕፈቱ የእህትህ ነው ወይ አለኝ። የአንቺን ጽሕፈት በጨለማ እንኳ ዳስሼ አውቀዋለሁ፤ ነው አልኩ። አንብበው አለኝ። ከላይ የባለፈው ወር አምስተኛ ቀን ተጽፎበታል፤ ይህ ነገሩ ከመሆኑ ከአሥራ ሦስት ቀን በፊት ነው። ልጅህ ፎቶህን አይታ በፂምህ ፈራች ይላል፤ እባክህ ተላጭና ሌላ ፎቶ ተነስተህ ላክላት ይላል። ደግ ነገር ነው፣ ማንም ሚስት የምትጽፈው ነው። ከዚያ ከታች፣ ልትሰናበቺው ስትይ፣ ድንቡሼ የፊት ጥርሷ እንደ ወለቀና ስትስቅ እንደምታስቅሽ ጻፍሽለት።

እታለም፣ ለኔ የጻፍሽልኝ የመጨረሻው ደብዳቤ የተጻፈው በዚያው ወር በሃያ ስድስተኛው ቀን ነው። በፖስታ ቤት ነው የመጣው፣ ማኅተም አለው። ጥርሷ ገና እየተነቃነቀ እንደሆነ፣ ክር አስረሽ ልትነቅዪላት ስትይ ክሩን እንደያዘች አጥር ዘላ ጎረቤት እንደገባችና ግማሽ ቀን ፍለጋ እንዳዋለችሽ የነገርሽኝ በዚያ ነው። ስቄ ስቄ ለወንበሬ ደንበኞች ሁሉ አንብቤላቸው ነበር። በሃያ ስድስት ያልወለቀ ጥርስ በአምስት ወልቆ አገኘሁት።

ደብዳቤውን አጥፌ ለመርማሪው መለስኩለት። ተናድጄብሻለሁ፤ ለምን እዋሻለሁ? እስከ ዛሬ በሰው ሁሉ ላይ ስጠራጠር በአንቺ ላይ አልደረስኩም ነበር። ደግሞም አሳዘንሽኝ። የውሸት ደብዳቤ ስትጽፊ እንኳ የልጅሽን ወሬ ሳትነግሪው መለየት አቃተሽ። ሆድሽ ውስጥ ውሸት ቦታ የለውም፤ ቦታ ቢኖረው ጥርሱን ትረሺው ነበር። ምን ብሎ እንደጻፈልሽ፣ በሴትዮዋ ላይ የሆነውን ነግሮሽ እንደሆነ ወይ ትንሽ ነገር ነው ብሎ አታሎሽ እንደሆነ አላውቅም። ግን ከሰልፉ በማግስቱ ፈቃድ የወጣ አንድ ጓደኛው ነበረው፤ የተመለሰውም መርማሪው ከመምጣቱ ሦስት ቀን በፊት ነው። ባልሽ ያሳየው ፖስታሽ ላይ የፖስታ ቤት ማኅተም ያልነበረው ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ በጓደኛው እጅ ነው የመጣው።

መርማሪው በኔ ፊርማና በአንቺ ደብዳቤ ረክቶ መዝገቡን ሊዘጋ ተዘጋጀ። ሴትዮዋም መጥታ አላወቅሁትም የሚለው ወረቀት ላይ እንድትፈርም ተጠራች። ከመርማሪው ቢሮ በር ይልቅ የኔ ክፍል ጥላ ስላለው እዚያ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። እኔ ውስጥ ምላጭ እስል ነበር። ቀና ስል በሬ ላይ ቆማለች፤ ፎጣዎቼን ይዛለች። ያን ማክሰኞ ጠዋት ልታጥባቸው የወሰደቻቸው ናቸው። በአንድ እጇ አጥባ፣ በአንድ እጇ አጥፋቸዋለች፤ ጠርዝና ጠርዛቸው አልገጠመም። ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። በቋንቋዋ የማውቀው አንድ ቃል አመሰግናለሁ የሚለውን ነው፤ እሱን ለማለት አፈርኩ።

ከዚያ ደህናውን እጇን አገጯ ላይ አደረገች። ወንበሩን አሳየችኝ። ወደ እኔ ጠቆመች። አስተርጓሚ አላስፈለገንም። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ፤ እሷም መልሷን አገኘችና ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፣ አልሰደበችኝም። ብትሰድበኝ ምናልባት ዝም ብዬ እቀር ነበር።

ምላጩን አስቀምጬ ወደ መርማሪው ሄድኩ። የነገርኩህ ውሸት ነው አልኩት፤ ማክሰኞ በስድስት ሰዓት፣ በሩ ተቀርቅሮ፣ በዚህ እጄ ላጭቼዋለሁ አልኩት። ደብዳቤሽንም ከትራሴ ሥር አምጥቼ ከዚያኛው ጎን አስቀመጥኩለት። ስለ ጥርሱ አንድ ቃል አልተናገርኩም። እሱም የልጆች አባት ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበባቸውና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። ሴትዮዋ ያን ቀን ሳትፈርም ሄደች።

አሁን ልብ ብለሽ ስሚኝ። መርማሪው በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሀገር ቤት ይመለሳል፤ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የአንቺን በር ነው። ይህን አስቦ የጻፈው ማነው፣ እህትህ ናት ወይስ አጽፈዋት ነው ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ በዚህ አልዋሸሁም። በራሷ አስባው ከሆነ የወንጀሉ ተባባሪ ናት፣ ታዝዛ መጻፏን ማሳየት ከቻለች ግን ምስክር ናት አለኝ። ማሳየት አለ፣ መናገር አላለም። ስለዚህ ሰውየው ሳይጠይቅሽ አንቺ ቅደሚው። ባልሽን ስትከላከዪ ቤትሽን የምትከላከዪ መስሎሽ ይሆናል፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብሽ። ድንቡሼ አባቷ ቢታሰር ታለቅሳለች፤ እናቷም ብትታሰር ማን ጭን ላይ ሆና ታልቅስ?

ከወንድምነቴ ይልቅ ለማላውቃት ሴት ያደላሁ መስሎሽ ከተቀየምሽኝ መብትሽ ነው። ብቻ ያቺን ክንድ አላየሽውም። እኔ ላይም ለመርማሪ ሐሰት መናገር የሚል ክስ ተጽፎብኛል፤ ይገባኛል፣ አልከራከርም። አሁን የምኖርበት ክፍል በሩ የሚከፈተው ከውጭ ነው። ምግብ ያመጡልኛል፣ ወረቀትና እርሳስም አልከለከሉኝም። ባልሽ ከግድግዳው ወዲያ ባለው ክፍል ነው፤ ደህና ነው፣ ፊቱም እየዳነለት ነው መሰለኝ፣ ጠባቂው እንዲህ ብሎኛል።

ወገብሽን ፈጣሪ ይማርልሽ። ልጅሽን ያሳድግልሽ፣ ክፉ እንዳታይ፣ ክፉም እንዳትሠሪ ይጠብቅሽ። የእናታችን ምርቃት የደረሰው ለአንቺ ነውና ለኔም ከዚያው ቆንጥረሽ መርቂኝ። ድንቡሼን በሁለቱም ጉንጯ ሳሚልኝ።

ልፈርም ስል ባልሽ ግድግዳውን አንኳኳ። እዚህ ከገባን ወዲህ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። ለሷ ነው የምትጽፈው አለኝ። አዎን አልኩት። ከዚያ ያቺን ባለፈው የላክሁላትን ወረቀት ታቃጥላት በልልኝ፣ አደራ አለኝ። የቷን ወረቀት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። አደራ አደራ ነው፣ ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ። የኔን ከጠየቅሽኝ ግን፣ እታለም፣ በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፣ አታቃጥዪያት።

ታናሽ ወንድምሽ